ለጥርስ ብለው ያገዱን ሰው

የጋሽ በራኺን ሞት የሰማሁት አፌን በሰፊው ከፍቼ ነው። ጥርሴን በየጊዜው ወደማስጸዳበት ክሊኒክ ሄጄ ወንበሩ ላይ ተንጋልያለሁ፤ የምታጸዳልኝ ሴትዮ በቀጭኗ ብረት የታችኛውን ጥርሴን ሥር ሥሩን ትፍቃለች። ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ስልክ ነዘረና ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ወንድሜ ናሆም ነው የጻፈው። «ጋሽ በራኺ አረፉ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም።

አፌን ልዘጋ ስል ሴትዮዋ «ትንሽ ቀረን» ብላ አገጬን መልሳ ወደ ታች አወረደችው። እንባዬ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮዬ ወረደ። ደንግጣ ብረቷን አነሣችና «አሳመምኩሽ እንዴ?» አለችኝ። አይደለም ብዬ በእጄ ቀጥይ አልኳት። እሳቸው ቢኖሩ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። «የእኔን ሞት ሰማሁ ብለሽ ግማሹን ጥርስሽን ሳታስጸጂ ተነሣሽ?» ብለው ይቆጡኝ ነበር። ስለዚህ እያለቀስኩ አስጨረስኩ። ሴትዮዋ እስክትጨርስ ድረስ በሌላኛው እጇ ትከሻዬን ይዛ ነበር፤ እግዜር ይስጣት።

ጋሽ በራኺ ሚኒያፖሊስ ሲዋርድ ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች መዘምራን አሠልጣኝ ነበሩ። አሥመራ ተወልደው፣ በአማርኛ ተምረው፣ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ ሚኒያፖሊስ ከገቡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከብዙዎቻችን አማርኛ የጠራ ነው፤ «ቀ» ላይ ሲደርሱ ብቻ ጉሮሯቸው ወደ ትግርኛው ይሄዳል። ሲያበረታቱን «አጆኻ» ወይም «አጆኺ» ይሉናል፤ አይዞህ፣ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰማያዊውን የሹፌር ጃኬት አልጣሉትም፤ ለልምምድም፣ ለሠርግም፣ ለለቅሶም እሱኑ ለብሰው ይመጣሉ። ሙዚቃ ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። ጆሯቸው ግን ረድፉ ሙሉ ሰው እየዘመረ ማን እንደሳተ ለይቶ ያወጣ ነበር።

ልምምዳችን ምድር ቤቱ፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። እሳቸው እንደ ሌላ አሠልጣኝ ከኪቦርድ ጀርባ አይቀመጡም። በረድፍ ያቆሙንና ፊት ለፊታችን፣ ትንፋሻችን በሚደርስበት ርቀት ይቆማሉ። ሁለት ጣታቸውን አገጫቸው ላይ ያሳርፉና ቀስ ብለው ወደ ታች ይስቡታል። «አፍ ክፈቱ» ማለታቸው ነው። ከዚያ እኛ «አአአ» እያልን ድምፃችንን ስናሟሙቅ እሳቸው ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይራመዳሉ። ድምፃችንን ብቻ የሚያዳምጡ ይመስለን ነበር። እሳቸው ግን ያዩም ነበር። ሃያ ዓመት ያለፈውን ልጅ አፍ እንደዚያ ቀርቦ የሚያይ ማን አለ? እናቱ እንኳ ካየችው ዘመን አልፏል።

ልምምዱ ሲያልቅ አንዱን ጠርተው ደረጃው ሥር ይወስዱታል። «ልጄ፣ በግራ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው፣ አይደል?» ወይም ደግሞ «ድድሽ ሲደማ ያንን ቦታ መቦረሽ ትተሻል። መተው አይደለም፤ ሂጂና አሳዪ» ይላሉ። አንድ ጊዜ አንዱ ጓደኛችን ተናዶ «ጋሽ፣ እርስዎ የጥርስ ሐኪም ነዎት እንዴ?» አላቸው። «አይደለሁም» አሉት። «ሐኪም ጋ ሂድ ለማለት ግን ሐኪም መሆን አያስፈልግም።»

የሚደጋግሙት ንግግር ነበራቸው። ሁላችንም በቃላችን ስለምናውቀው ሲጀምሩ እንተያያለን። «ልጅ ሳለህ እናትህ ብሩሽ ይዛ ታሳድድሃለች። ስታረጅ ጥርስህ ራሱ እያስጮኸ ሐኪም ቤት ይወስድሃል። ሰው የሚጠፋው መሐሉ ላይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላህ በኋላ ስለ ዲግሪህ ይጠይቁሃል፣ ስለ መኪናህ ይጠይቁሃል፣ መቼ ነው የምታገባው ይሉሃል። እስቲ ስለ ጥርስህ ማን ጠየቀህ?» ማንም እንዳልጠየቀን እናውቃለን። እንስቃለን።

ሃይስኩል ስጨርስ ቤታችን ድግስ ነበር፤ እሳቸው በሚያብለጨልጭ ወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ካርቶን ይዘው መጡ። እኔ ላፕቶፕ ነው ብዬ ልቤ ቆመ። እንግዳው ሁሉ እያየኝ ከፈትኩት። ውስጡ የጥርስ ብሩሽ፣ ሳሙናና የጥርስ ክር ነው፤ ለብዙ ጊዜ የሚበቃ። ፊቴ ሲጠቁር አዩና «ሳሮን፣ አትዘኚ» አሉኝ። «ላፕቶፕ በየዓመቱ አዲስ ይወጣል። አንቺ ግን ከእንግዲህ አዲስ ጥርስ አታወጪም።» ያን ቀን «ጋሽ ብሩሽ» የሚል ስም አወጣሁላቸው። ስሙ ቶሎ ተሠራጨ፤ እሳቸውም ሰምተው ጥሩ ስም ነው አሉ።

እንዲህ ስል ሁሌ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው እንዳይመስሏችሁ። አስቸጋሪ ሰው ነበሩ። ያመኑበትን ነገር ለመናገር ቦታ አይመርጡም። የአንዷ ልጅ ቀለበት ማሰሪያ ላይ ከእጇ ካራሜላ ተቀብለው ኪሳቸው ከተዋል፤ ያውም የሙሽራው አያት የሰጧትን። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው መልሳቸው። የልጅቷ እናት ለስንት ጊዜ ሰላም አላለቻቸውም፤ እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ እሁድ እሁድ ከወገባቸው ዝቅ ብለው ሰላም ይሏታል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ናሆምን ያገዱት ጊዜ ነው።

ናሆም ታናሼ ነው፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ኮሌጁን አቋርጦ የኤርፖርት ተሳፋሪ ያመላልሳል። ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ባለው የሹፌሮች መጠባበቂያ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ይውላል፤ ያንን ጣፋጭ ኢነርጂ ድሪንክ እየጨለጠ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እየከፈተ። እዚያ ያለው ሹፌር ሁሉ እንደዚያው ነው። ድምፁን በተመለከተ ግን እግዚአብሔር አላዳላም ማለት አይቻልም፤ ለእሱ አድልቷል። ሌላ ጊዜ ካልሲውን ሳሎን መሐል ጥሎ የሚሄድ ብሽቅ ነው፤ ሲዘምር ግን እኔ እንኳ ወንድሜ መሆኑን እረሳለሁ። በዚያ መጸው ለቤተ ክርስቲያናችን የምሥረታ በዓል በሶሎ የሚዘምረው እሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንደተለመደው ድምፃችንን ስናሟሙቅ ጋሽ በራኺ ናሆም ፊት ቆሙ። አሸተቱ።

«ቅርንፉድ» አሉ።

ናሆም ዝማሬውን እንደ ማቆም ብሎ «ምን አሉኝ ጋሽ?» አላቸው።

«ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትሸታለህ። ሻይ ነው ወይስ ጥርስ?»

ረድፉ በሙሉ ሳቀ። «ሻይ ነው» አለ ናሆም።

«እንግዲያው ክፈት።» ሁለቱን ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አሳረፉ።

ናሆም እሩብ ያህል ከፈተና ፊቱን ወደ ኪቦርዱ አዞረ። ጋሽ በራኺ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፉ። ልምምዱ ሲያልቅ ወደ ደረጃው ሥር ጠሩት። የመጣነው በአንድ መኪና ስለሆነ እኔም ኮቴን ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰመር ላይ ነው የጀመረኝ። ይመጣል፣ ይሄዳል። ማስታገሻ ስወስድ ይተወኛል፤ አይ አም ፋይን ጋሽ።»

«ታይተሃል?»

«ሃያ ስድስት ስለሞላኝ ከእማ ኢንሹራንስ ወጥቻለሁ እኮ። ለገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ፤ ትኬቴን ቆርጫለሁ። እዚያ ስደርስ አሠራዋለሁ።»

ይህን የማይል ሰው እኛ ዘንድ የለም። የሚኒሶታ ሐበሻ ወደ አገር ቤት ሲሄድ በሻንጣው ለዘመድ ልብስና ሽቶ ይይዛል፤ በአፉ ደግሞ ለአዲስ አበባ ጥርስ ሐኪም የሚሆን ሥራ አጠራቅሞ ይሄዳል። ዋጋው ይሻላል፤ «ይሄኛው ነው፣ አይ ያኛው ነው» ለማለትም በገዛ ቋንቋ ነው። ሲመለስ አዲሱን ጥርሱን አሳይቶን እንመርቀዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ነውር የለውም። ችግሩ ጥርስ የበረራ ቀን አለማወቁ ነው።

የጋሽ በራኺ ፊት ግን ተለወጠ። «እዚያ ስደርስ» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ቀና አሉና «ሰኞ ትሄዳለህ» አሉት።

«ሰኞ ድራይቭ አደርጋለሁ። ታንክስጊቪንግ እየደረሰ ነው፣ ኤርፖርቱ ቢዚ ነው።»

«እንግዲያው ሐኪም አይቶህ እስክትመጣ ድረስ ከመዘምራን ታግደሃል።»

ናሆም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ጃኬታቸውን ቆለፉና ደረጃውን ወጥተው ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን «ታገደ» ተራ ቃል አይደለም። ሰው ከአገልግሎት የሚታገደው በኃጢአት ነው። ኃጢአቱ ምን እንደሆነ ከመድረክ አይነገርም፤ ስለማይነገርም ሁሉም የሚያስበው አንድ ዓይነት ነገር ነው። እሁድ ናሆም ከረድፉ ወጥቶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፕሮግራሙ አልቆ መኪና ማቆሚያው ሳይለቀቅ ወንድሜ ልጅ አስረግዞ ነበር። እንደ አንዳንዱ ወሬ ልጅቷ ሴይንት ፖል ናት፤ እንደ ሌላው ሮቸስተር ነው የምትማረው። አንዷማ መንታ ነው ብላለች።

እማዬ የሰማችው መኪናዋን እያስነሣች ሳለ ነው። ቤት ስንገባ ኮቷን ሳታወልቅ ኩሽናው መሐል ቆመች።

«ማን ናት?»

«ማን?» አላት ናሆም።

«ልጅቷ!»

አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ይበቃ ነበር። እሱ ግን «ኢትስ ነቲንግ እማ» ብሎ ወደ ክፍሉ ሊሄድ ሲል እኔ አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ጥርሱን ነው» አልኳት።

ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ለወንድምሽ ብለሽ ትዋሺያለሽ? ለጥርስ ብሎ ሰው ይታገዳል?»

ኮሪደሩ ላይ ያዝኩትና ለምን አልተናገርክም ብዬ ጮኽኩበት። ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ነበር። «ሳሮን፣ አስረገዘ ቢሉኝ ይሻለኛል» አለኝ። «አፉ በስብሷል ከሚሉኝ።» በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያ ጉንጭ ለጥፊ የሚሆን ጉንጭ አልነበረም።

እማዬ ነገር ማሳደር የማትወድ ሰው ናት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንዲሰበሰቡላት ጠየቀች፤ በዚያው ሳምንት ተሰበሰቡ። «እንግሊዝኛ ከገባበት ትተረጉሚልኛለሽ» ብላ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሰብሳቢው ወንድም ታደሰ ነበር፤ በረጅም ጸሎቱ የሚታወቅ፣ ዝንብ የማይገድል ሰው። ጋሽ በራኺ ሰማያዊ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ናሆም ከበሩ አጠገብ ነው።

«ጋሽ በራኺ» አለ ወንድም ታደሰ፣ «ይህን ልጅ በምን ምክንያት እንዳገዱት ለእናቱ ይንገሩልን።»

«በጥርስ» አሉ።

እማዬ ዞራ አየችኝ። እኔም አየኋት።

ወንድም ታደሰ ጉሮሮውን ጠረገ። «እገዳ እኮ የንስሐ ነገር ነው፤ ለኃጢአት የተሠራ ሥርዓት ነው። ጥርስ መታመም ደግሞ ኃጢአት አይደለም።»

«መታመሙን አላልኩም። መደበቁን ነው። እናንተ አይደላችሁም እንዴ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምትሉት?»

«በእሱስ ልክ ነዎት። ቢሆንም ጥርስ ነው።» ወንድም ታደሰ ነገሩን ለማቅለል ፈገግ አለ። «በጥርስ የሞተ ሰው አለ?»

አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ሳቁ።

«አለ» አሉ ጋሽ በራኺ። «ክፍሎም ይባላል። ታናሽ ወንድሜ ነው።»

ሳቁ ቆመ። እሳቸው ባርኔጣቸውን እያዩ ቀጠሉ።

«ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ሳለን መንጋጋው አመመው። እዚያም ሐኪም ነበረ፤ እኛ ግን ወደ ካርቱም ለመሄድ ቸኩለናል፤ የጭነት መኪና እየጠበቅን ነው። ‹ካርቱም ስንደርስ አሠራዋለሁ› አለኝ። እኔም ‹ሕራይ› አልኩት፤ እሺ ማለት ነው። ቅርንፉዱን ገዝቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጉንጩ አበጠ። ከዚያ እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ። መዋጥ አቃተው። በነጋታው መተንፈስ አቃተው። ካርቱም የገባሁት ብቻዬን ነው።»

 እሳቸው ወደ ናሆም ቀና አሉ።

«ክፍሎም ከእኔ የበለጠ ይዘምር ነበር። ይህ ልጅ ሲዘምር የምሰማው እሱን ነው። ስለዚህ እገዳውን አላነሣም። ሥርዓት ተላልፈሃል ካላችሁኝ እኔን አንሡኝ፤ አልቀየማችሁም።»

እማዬ ተነሣች። ክፍሉን አቋርጣ ናሆም ፊት ቆመችና እንደ ሕፃን አገጩን ያዘች። «ክፈት» አለችው። ናሆም ዓይኖቹን ጨፍኖ ከፈተ። ወደ መብራቱ አዙራ አየችው፤ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ያየችውን ነገር እስከ ዛሬ ነግራኝ አታውቅም።

«ደውዬ ነበር እኮ» አለ ናሆም። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር። «ቀጠሮ የለም አሉኝ። የሚቀርበው ጃንዋሪ ነው።»

«የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች የሚሠሩበት ቦታ አለ» አሉ ጋሽ በራኺ። «በአውቶቡሴ ስንት ሰው እዚያ አውርጃለሁ። ጠዋት ቀድሞ የደረሰ ይታያል። ነገ እወስድሃለሁ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በራችን ላይ ነበሩ። ውጭው ያ የኅዳር ብርድ ነው፤ መሬቱ በረዶ ለብሷል። ናሆም መኪናውን ሊያስነሣ ሲል ቁልፉን ከእጁ ተቀበሉት። ሌሊቱን ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑ ጠቧል። እኔና ናሆም ኋላ ተቀመጥን። በየመብራቱ ስንቆም እሳቸው በመስተዋቱ ናሆምን ሲያዩት አያለሁ፤ «አጆኻ፣ አጆኻ» ይላሉ። 

ተማሪዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ጨዋታ ታውቃለች። ከየት መጣህ፣ ምን ትሠራለህ እያለች ጓንቷን አጠለቀች። ከዚያ ጣቶቿን ከናሆም አገጭ ሥር አስገብታ ጫን አደረገችና ጨዋታዋን አቋረጠች። ሄዳ አስተማሪዋን ጠራች። እሱም መጥቶ እዚያው ቦታ ጫን አደረገ፤ ምላስህን አውጣ አለው፣ ምራቅህን ዋጥ አለው። ናሆም ለመዋጥ ሲታገል ጋሽ በራኺ ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ። አስተማሪው ወደ እኛ ዞረና መኪና እንዳለን ጠየቀን፤ ከዚያ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድንወስደው፣ እሱም እየደወለ እንደሚያሳውቃቸው ነገረን።

ሆስፒታል አስተኙት። መድኃኒቱ በደም ሥሩ ገባ፤ ከመንጋጋው ሥር የተቋጠረውን መግል አወጡለት፤ አንዱ ጥርስ ተነቀለ። እማዬ ከሥራዋ በቀጥታ መጣች። ሐኪሙ ነገሩን ሲያስረዳት «አንድ ቀን እንኳ ብትቆዩ ኖሮ» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ለመተርጎም ተብዬ ስከተላት በእውነት የተፈለግሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ተረጎምኩላት፤ እኔም አልጨረስኩትም። እማዬ ግን ገባት።

ጋሽ በራኺን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ። ነርሶች በፊታቸው ይመላለሳሉ፤ እሳቸው ፊታቸውን አልሸሸጉም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ደረስን» አሉኝ፤ «አየሽ ሳሮን፣ በዚህኛው ደረስን።» በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ የወደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

የምሥረታው በዓል ያለ ናሆም አለፈ። በእሱ ቦታ የዘመረው ልጅ ድምፅ፣ ይቅር ይበለኝና፣ የፍየል ድምፅ ነው። ናሆም አገግሞ፣ የቀረውን የታመመ ጥርሱንም በተከታታይ ቀጠሮ አሠርቶ፣ አንድ የታኅሣሥ እሁድ ወደ ረድፉ ተመለሰ። ከመዘመራችን በፊት ጋሽ በራኺ ማይክ ጠየቁ። ማይክ ጠይቀው አያውቁም ነበርና ሁሉም ጸጥ አለ።

«ወንድማችን ናሆም የታገደው በጥርስ ነበር» አሉ። «ጥርሱ ታክሟል፤ እገዳው ተነሥቷል። ያረገዘች ልጅ የለችም። መንታም የለም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እማዬ ስትስቅ አፏን በነጠላ የምትሸፍን ሴት ናት፤ ያን ቀን መሸፈኑን ረሳችው። የራሷን ቀጠሮ የያዘችው በዚያው ሰሞን ነው። ሃያ ምናምን ዓመት ሚኒሶታ ስትኖር የመጀመሪያዋ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅን።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። በየመጸው ልምምድ ሲጀመር ጥርሱን ያልታየ አይዘምርም። ያጉረመረሙ ወላጆች ነበሩ፤ ኳየር ነው ወይስ ክሊኒክ ያሉ ነበሩ፤ ጥለው የወጡም ልጆች ነበሩ። ጋሽ በራኺ አልተበገሩም። ኢንሹራንስ የለኝም ላላቸው የትኛው ክሊኒክ እንደ ሰው ገቢ እንደሚያስከፍል ይነግሩታል፤ እፈራለሁ ላላቸው አብረውት ሄደው ይቀመጣሉ። ጊዜ የለኝም የሚለውን ግን ዝም ብለው ያዩታል። እያዩት ይቆያሉ፤ በመጨረሻ ልጁ ራሱ ስልኩን ያወጣል።

ባለፈው ዓመት ሕመም ጣላቸው፤ አንደበታቸውንም ያዘው። ልጠይቃቸው ስሄድ ልጃቸው ሰውን ይለያሉ፣ መናገር ግን አይችሉም አለችኝ። ፊታቸው ቀጥኗል። እጃቸውን ያዝኩና ስለ ኳየሩ አወራሁላቸው። ናሆም አሁን ረዳት አሠልጣኝ መሆኑን፣ አዲስ ልጆች መግባታቸውን። በመሐል እጃቸውን ከእጄ አወጡና ሁለት ጣታቸውን አገጫቸው ላይ አሳረፉ፤ ወደ ታች ሳቡት። ዘምሪልኝ ያሉኝ መስሎኝ ጀመርኩ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አድርገው አፌን ያያሉ፤ ላዩን፣ ታቹን፣ ግራ ቀኙን። ዝማሬውን ሳላቋርጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞርኩላቸው። አይተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁና ትራሱ ላይ ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላየኋቸውም።

የቀብራቸው ዕለት መዘምራኑ በሙሉ ተሰለፍን፤ በእሳቸው ዘመን ዘምረው የወጡትም፣ አግብተው የሄዱትም መጥተዋል። ናሆም ፊት ለፊታችን ቆመ። ሳጥኑ ከኋላው ነው፤ ላዩ ላይ ሰማያዊው ጃኬት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ናሆም ሊያስጀምረን እጁን አነሣና አቃተው።  እኛም እያየነው እናለቅሳለን፤ አዳራሹ ይጠብቃል። ከዚያ ሁለት ጣቱን አገጩ ላይ አሳረፈ፤ ወደ ታች ሳበው። ሁላችንም አፋችንን ከፈትን።

ዘመርን። እየዘመርን ናሆም ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ሲሄድ አየሁት። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆም አለ። ዘንድሮ የገባች ልጅ አለች፤ ቤተልሔም ትባላለች፤ ኮሌጅ ገና የጀመረች ናት። አፏን እሩብ ያህል ነው የከፈተችው።

ከቀብር ተመልሰን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው እየተሰነባበተ ሳለ ናሆም ጠራት። ዓይኑ ገና ከለቅሶው ቀልቷል። የመዘምራኑ እናቶች ከእማዬ ጋር ሁለት እርምጃ ርቀው ቆመዋል፤ ጆሯቸው እኛ ጋ ነው።

«በየት በኩል ነው የሚያምሽ?» አላት።

ቤተልሔም ደነገጠች። ጉንጯን በእጇ ሸፈነችና «ምንም አይደለም» አለች። «ለገና ከማሚ ጋር አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ እዚያ ስደርስ...»

«ታግደሻል» አላት ናሆም።

እናቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዷ አፏን ልትከፍት ስትል እማዬ ቀድማ ወደ እነሱ ዞረች።

«ጥርሷ ነው!» አለች፣ መኪና ማቆሚያው ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ሰምታችኋል? ጥርሷ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትጨምሩበት! ነይ ልጄ፣ ነገ ጠዋት እኔ እወስድሻለሁ።»